እትዬ መቀስና ብረቱ

እትዬ መቀስ የሚለውን ስም ያወጣንላት መቀስ ስለምትወድ አይደለም፤ ስለምትፈራው ነው። ልብስ ሰፊ ሆና መቀስ የምትፈራ ሴት ከእሷ ሌላ አላየሁም።

ሱቋ ከሕንፃው ደረጃ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጣሪያው ከደረጃው ጋር እየወረደ ስለሚሄድ በሩ አጠገብ መቆም ይቻላል፤ ጥጉ ጋ ግን ቁጭ ማለት ብቻ ነው። መስኮቱ መስታወት ካጣ ቆይቷል፤ ላስቲክ ተወጥሮበታል። ነፋስ ሲመጣ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ይነፋና ተመልሶ ይለጠፋል፤ ክፍሏ የምትተነፍስ ነው የሚመስለው። በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት። ካውያው በስተግራ፣ ቁልፍ የሚጠራቀምበት የብስኩት ቆርቆሮ በስተቀኝ፣ ጠመኔዋ ጆሮዋ ላይ። እኔ በሩ ሥር ባለችው ዱካ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። ዓይኔ ከዚያ ላለፈ ሥራ አይሆንም።

ጦርነቱ ሲጀመር እንደ ማንኛውም ሰፊ ትቆርጥ ነበር። በመጀመሪያው የረሃብ ዓመት ጋጋሪው ሱሪውን ይዞ መጣ። ድሮ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሱሪውን ያቆመው ገመድ ነው። አጠበበችለትና የተረፈውን ጨርቅ ቆርጣ ጣለችው። በዓመቱ እህል ገባ፤ ጋጋሪው ትንሽ ሥጋ አበጀ፤ ሱሪው እምቢ አለው። ይዞት መጣና «ልቀቂልኝ» አላት። የሚለቀቅ ነገር አልነበረም። እሱ ሳቀ። «ከሰው ሁሉ ቀድሜ መወፈሬ ነው ጥፋቱ» ብሎ ሄደ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዕለቱን መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

«ሰው ይከሳል፣ ሰው ይወፍራል» ትላለች። «ጨርቅ ግን አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ።»

ከዚያ ወዲህ ሁሉን ወደ ውስጥ እያጠፈች ነው የምትሰፋው። ወገቡን፣ ብብቱን፣ እጅጌውን፣ የሱሪውን ጫፍ። ስፌቱ ላላ ያለ ስለሆነ በጥፍር ሲስቡት ይተረተራል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የድሮ ውፍረቱን ልብሱ ውስጥ አጥፎ ይዞ ነበር የሚዞረው። ስንቀመጥ ይቆረቁረናል። ቢሆንም ደስ ይለናል፤ አንድ ቀን እንደሚለቀቅ የታወቀ ነገር ይመስላል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታቱን ለመድናቸው። መድፉን አጎት እንለዋለን። ሲያጓራ «አጎት ጉንፋን ይዞታል» እንላለን፤ ዝም ሲል ደግሞ «አጎት ተኝቷል፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ»። ወንድ ልጅ የሚለቅሙትን ሰዎች እንግዶች እንላቸዋለን። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። እንግዳ መጣ ሲባል ግን እንኳን ሰው ድመቱም ከመንገድ ይገባል።

ብረቱን የሰቀሉት እንግዶቹ ናቸው። ዳቦ ቤቱ ያለው ከጠባቧ መተላለፊያ ማዶ ነው። የልጆች ዕድሜ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ስለተቃጠለ፣ እንግዶቹ ከግድግዳ ግድግዳ አንድ የውሃ ቧንቧ አጋድመው ሰቀሉ። ሥሩ ቀጥ ብሎ ያለፈ ልጅ ነው። ግንባሩን የነካው ሰው ሆኗልና ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ አይነገርም፤ የተመለሰም የለም። ሴቶችና ሽማግሌዎች ነካቸውም አልነካቸውም ያልፋሉ። ዳቦ የሚሰጠው በአካል ለቆመ ነው፤ እቤት ተደብቆ የተገኘ ደግሞ ሳይለካ ይወሰዳል።

ያን ጊዜ እናቶች ወደ እትዬ መቀስ መጡ። ብዙ አላወሩም፤ ሱሪ ይዘው ቆሙ። እሷም ገባት። ሱሪውን ከወገቡ አሰፋችው፣ መሃሉን ወደ ታች አወረደችው፣ ጉልበቱ ላይ ሰፋፊ እጥፋት ሰጠችው፣ ጫፉ ጫማ ላይ እንዲተኛ አስረዘመችው። በዚህ ሱሪ ውስጥ ልጅ ጉልበቱን አጥፎ ቢሄድ ከውጭ አይታወቅም። እጅጌውን እስከ ጣት ጫፍ አደረገችው፤ ዕድሜን የሚያሳብቀው ክንድ ነውና። ልጆቹ ኮሪደር ላይ እየወደቁ፣ እየተነሱ ቻሉበት። እህቶቻቸው «ዳክዬ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ልማድ ግን ቤቱን ሲሠራ ባለቤቱን አያስፈቅድም። ከብረቱ በታች ክንድ የሚያህል የሚተርፋቸው ሕፃናት ታላላቆቻቸውን እያዩ ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ሁሉም ጎንበስ። ጃንጥላ ዘርግታ ሥሩ ብታልፍ የማይነካት አንዲት አጭር አሮጊት አለች፤ እሷ እንኳ ታጎነብሳለች። ከእንግዶቹ አንዱ «እማማ፣ እርስዎን ደግሞ ምን ያጎነብስዎታል?» ቢላት፣ «ልጄ፣ ቤቴ ስገባም ጎንበስ እላለሁ። ጣሪያው ወርዶ ቢሆንስ ማን ያውቃል» አለችው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እንግዳው አልሳቀም። ብረቱን ቀና ብሎ አየው፣ እኛን አየን። ሁሉም ካጎነበሰ ብረቱ ምንም እንደማይነግረው የገባው ያን ቀን ይመስለኛል።

እትዬ መቀስ ልጅ የላትም። አጭሬ የእህቷ ልጅ ነው። አጎት ባስነጠሰበት አንድ ቀን እህቷ ከነባሏ ስትቀር ልጁ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። አጭሬ ያልነው እንዲያጥርልን ነው፤ ወፍራም ሕፃን አይተን «እንዴት ከስቷል» እንደምንለው። ስሙ አልያዘለትም። እንደ ሸንበቆ ተመዘዘ። ቀን ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ ይውላል፤ ተኝቶ እንኳ አይዘረጋም። ቀጥ የሚለው ሱቋ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ከተሰቀለው መጋረጃ ወዲያ፣ ስትለካው ብቻ ነው።

«ቀጥ በል» ትለዋለች።

ይህን ቃል ለሁሉም ነው የምትለው። ስትንበረከክና እጇ የሱሪ ጫፍ ሲይዝ አፏ ራሱ ይለዋል። ዘንበል ብሎ የተለካ ሰው አንዱ እግሩ አጭር ሆኖ ይወጣላ። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ፊቷ ቆሞ ስላደገ፣ ቃሉን ሲሰማ የሚታዘዘው አከርካሪው ነው። «እትዬ መቀስ ሬሳ ብትለካ ተነስቶ ይቆማል» እየተባለ ይቀለድባታል። እሷም በእጇ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

አንድ ቀን ተንበርክካ የጎረቤታችንን የጫኚውን ልጅ እየለካች ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። «ቀጥ በል» አለችው። ልጁ ከሱሪው ውስጥ ተመዘዘ፤ ራሱ የመጋረጃውን ሽቦ ነካ። በሩ ላይ ጥላ ያየሁት ያኔ ነው። ልጁም አየውና፣ ውሃ ወደ መሬት እንደሚሰርግ፣ ቀስ ብሎ ወደ ሱሪው ተመልሶ ገባ።

ያ ብረቱን ቀና ብሎ ያየው እንግዳ ነው። አልተቆጣም። ወጣት ነው፤ ፊቱ የታጠበ፣ ጫማው ንጹሕ። ከኮቱ የወለቀች ቁልፍ በእጁ ይዟል።

«እንደምን ዋላችሁ። ይቺን ብቻ ነበር» ብሎ ኮቱንና ቁልፏን ሰጠኝ። በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ፤ እንደ ጨዋ ልጅ።

ክር ላስገባ ብል ዓይኔ እምቢ አለኝ። መርፌውን ተቀበለኝና በአንድ ጊዜ አስገባው።

«አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር» አለ። «ዓይኑ ሲደክም ክር የማስገባለት እኔ ነኝ።»

እኔ ቁልፏን ስተክል እሱ ከተከመረው ልብስ አንድ ሱሪ አነሳ። እንደ ባለሙያ ገልብጦ የውስጡን አየ፤ አውራ ጣቱን በእጥፋቱ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደው።

«እጅዎ ጥሩ ነው። ግን እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ትርፍ ጨርቅ ለምንድነው?»

«ልጆች ያድጋሉ ብዬ ነው» አለች።

«እዚህ ሰፈር?» አለ። «እኔ ከመጣሁ ወዲህ ሲያድግ ያየሁት ልጅ የለም።»

ላስቲኩ ተነፋ፣ ተመልሶ ተለጠፈ። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ኮቱን ሰጠሁት።

«ማክሰኞ ጠዋት ስፒልዎን ይዘው ብረቱ ጋ ይምጡልኝ» አላት እየለበሰ። «የሕዝቡ ሱሪ መሬት ይጎትታል፤ ተደናቅፎ የሚወድቅ አለ። የሚያልፈውን ሁሉ ጫፉን ትንሽ ከፍ አድርገው በስፒል ይያዙለት። ማንንም ይጠቁሙ አልልዎትም።»

«እዚሁ ቢመጡልኝ አይሻልም?»

«እዚያ ብርሃን አለ። ማክሰኞ ደግሞ ማንም እንዳይቀር፤ የቀረ ካለ ቤቱ ይፈተሻል።»

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር አለና የጫኚውን ልጅ አየው። ለስለስ አድርጎ «ቀጥ በል» አለው። ልጁ አልተነቃነቀም። ድምፁ የእሷ አይደለማ። እንግዳው ይህን የጠበቀ ይመስል ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

አጭሬ ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ነገርነው። ጄሪካኑን አስቀምጦ ጉልበቱን እንዳጠፈ አዳመጠን።

«አልሄድም» አለች እትዬ መቀስ። «አሞኛል እላለሁ።»

«ካልሄድሽ እነሱ ይመጣሉ። አክስቴ ደግሞ፣ ጫፍ ያዢ ነው ያለሽ እኮ።»

«ስናገር ሰምቶኛል። ልጁ ሲመዘዝ አይቷል።»

«ታዲያ አትበያ!»

«አስቤ ነው እንዴ የምለው? እጄ ጨርቅ ሲይዝ አፌ ይለዋል።»

«እስቲ ተንበርከኪ» አላት። ተንበረከከች። ጫፉን ያዘች። «ቀጥ…» ብላ አፏን በእጇ ከደነች። አጭሬ ግን አንዴ ተመዟል፤ ጣሪያው አናቱን መታው። ሦስታችንም ሳቅን። ስንስቅ ማንም የማንንም ዓይን አላየም።

«ጆሮዬን በጥጥ ልድፈነው?» አለ አናቱን እያሻሸ።

«‹እለፍ› ሲሉህ ካልሰማህ ያኔ ነው የሚይዙህ።»

ጥቂት አሰበ። «ስፒል የምትይዢው በከንፈርሽ አይደል? በቃ፣ አፍሽን ሙዪው። ስፒል የጎረሰ ሰው አይናገርም።»

እትዬ መቀስ ብድግ ብላ ግንባሩን ልትስመው ተንጠራራች። አልደረሰችም። ይህን ሲያይ ጎንበስ አለላት።

ማክሰኞ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አጎት ዝም ብሏል። እንግዳው ልክ ብረቱ ሥር ጆንያ አጥፎ አንጥፎላት ጠበቃት፤ «ጉልበትዎን እንዳያምዎት ብዬ ነው» አላት። የስፒሉን ቆርቆሮ ከእጇ ተቀብሎ አጠገቧ ድንጋይ ላይ አስቀመጠላት። ተንበረከከችና ስፒሎቹን አንድ በአንድ በከንፈሯ ደረደረች፤ አንዱ ካንዱ ሳይነካካ፣ እስከ አፏ ጥግ።

ሰልፉ ተነቃነቀ። መጀመሪያ የደረሰው የጫኚው ልጅ ነው። የቀኝ ጫፉን ያዘችለት፣ የግራውን ያዘችለት። ከከንፈሯ ሁለት ስፒል ቀነሰ። ልጁ ጉልበቱን አጥፎ በብረቱ ሥር አለፈ። እናቱ እፊቴ ነበረች፤ ትከሻዋ ወረደ። ሌላ መጣ፣ እሱም አለፈ። እትዬ መቀስ ሳታይ እጇን ወደ ቆርቆሮው እየሰደደች አፏን መልሳ ትሞላለች።

አጭሯ አሮጊት ተራዋ ሲደርስ «እትዬ መቀስ፣ ዛሬስ አፍሽ ጃርት መስሏል» አለቻት። ከሰልፉ ሳቅ ተሰማ። እትዬ መቀስ መሳቅ እንኳ አልቻለችም፤ ዓይኗ ብቻ እንባ አቀረረ። አሮጊቷ ያው እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ አለፈች። እንግዳው ዛሬ ምንም አልጠየቃትም። ግድግዳውን ተደግፎ ነበር የሚያየው፤ ፊት አያይም፣ ሱሪም አያይም። የሚያየው ከንፈሯን ነው።

እንዲህ እያለ ጀርባችንን ፀሐይ መታን። እጇ ከአሳቧ ተለይቶ ብቻውን መሥራት ጀመረ። አውቀዋለሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት እንደዚያ ሆና ነው ያለፈችው። አጎት ሲያጓራ፣ እህቷ የቀረች ቀን፣ ዳቦ የጠፋ ሰሞን፣ እጇ ጨርቅ ከያዘ ሌላው ሁሉ ይርቃታል። ያቆማት ይኸው ነበር።

አጭሬ ደረሰ። እንግዳው ከግድግዳው ተነሳ።

ከንፈሯ ላይ አንድ ስፒል ቀርታለች። የቀኝ እግሩን ጫፍ ያዘችበት። ሳታይ እጇን ወደ ድንጋዩ ሰደደች። ቆርቆሮው ከቦታው አልነበረም። እጇ ድንጋዩን ዳሰሰ፣ ዳሰሰ፤ ከዚያ ባዶውን ወደ ግራው እግር ተመለሰ። ጫፉ ዘንበል ብሎ ነበር።

«ቀጥ በል» አለች።

ጮክ ብላ አይደለም። እንደ ዘወትሩ፣ ለስለስ አድርጋ፣ ዓይኗ ጨርቁ ላይ እንዳለ።

ብረቱ ጮኸ። ቧንቧው ባዶ ስለነበር ድምፁ በግድግዳዎቹ መሃል ረዝሞ ሄደ። አጭሬ ግንባሩን ይዞ ቆመ። ከኋላው፣ ሰልፉ ውስጥ፣ ራሶች ብቅ አሉ። አንዱ፣ ከዚያ ከአጠገቡ ያለው፣ ከዚያ ከእኔ ኋላ፣ ከእናቶቻቸው ራስ በላይ። ከብረቱ ማዶ ዳቦውን ታቅፎ ሊሄድ የነበረው የጫኚው ልጅ እንኳ ጀርባው ተዘረጋ። ልጆቹ ራሳቸው ደንግጠው ነበር። ጉልበታቸውን ሊያጥፉ ሞከሩ፤ ግን አንዴ ታይተዋል። እንዲህ ያሉ ረጃጅም ልጆች እንዳሉን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያምሩ ነበር።

«ይበቃል እትዬ፣ ደከሙ» አለ እንግዳው። ሊያነሳት እጁን ዘረጋላት። ቆርቆሮው በሌላው እጁ ነበር።

አጭሬን ከሌሎቹ ልጆች ጋር ሲወስዱት ዞር አለ። «አክስቴ፣ ግራውን ሳትይዢው» አላት። ሊያስቃት ፈልጎ ነው። አንዱ የሱሪ እግር በስፒል ተይዞ፣ ሌላው መሬት እየጎተተ፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ሰፈሩ ግን አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣውም። እኔ ለብዙ ቀን ሱቋን የሚረግጥ አይኖርም ብዬ ነበር፤ በማግሥቱ የጫኚው ሚስት መጣች። ዓይኗ አብጧል። መኪናዋ ላይ አንዲት ትንሽ ሱሪ አስቀመጠች።

«ለታናሽየው ነው» አለች።

እትዬ መቀስ ሱሪውን ገልብጣ የውስጡን አየች። ሌላ ነገር አልተባባሉም።

አሁን ያን ቃል አትናገርም። ከቤቷ ስትወጣ ጀምራ ከንፈሯ ላይ ስፒል ትደረድራለች፤ ሥራ ባይኖርም። ሰላም ስንላት በዓይኗ ትመልሳለች። እናቶች ደግሞ እቤት ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ድንገት ከኋላ መጥተው ሕፃኑን «ቀጥ በል» ይሉታል፤ ቀጥ ካለ ጆሮውን ይቆነጥጡታል። ቶሎ ነው የለመዱት። ትንንሾቹ አሁን ያን ቃል ሲሰሙ ይበልጥ ያጎነብሳሉ። ለእነሱ ትርጉሙ ያ ነው።

የአጭሬ አንዲት ሸሚዝ ከመጋረጃው ወዲያ መንጠቆ ላይ ተሰቅላለች። እትዬ መቀስ አልፎ አልፎ ታወርዳትና እጅጌዋን ትንሽ ትለቅላታለች። ያድጋል ብላ ነው። ባለፈው ስትለቅ አየሁ፤ የመጨረሻው እጥፋት ነበር። ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ ጨርቅ የላትም። ሸሚዟን መልሳ ሰቀለችና በእጇ ዳሰስ አደረገቻት።

በዚህ ሳምንት ብረቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርገውታል። ዛሬ ጠዋት ከሱቁ በር እስከ ደረጃው እናቶች ተሰልፈው ነበር። መጀመሪያ የገባችው ወንድ ልጇን አዝላ ነው። አውርዳ እትዬ መቀስ ፊት አቆመችው። እትዬ መቀስ ከነስፒሏ ተንበረከከች፤ ምንም ሳትናገር በጣቷ ጉልበቱን ነካ አደረገችው።

ብረቱ ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት የሚቀረው ልጅ ነው። ጉልበቱን አጠፈ።